የአንዲት ወይራ ልጆች

ዘር ለቃሚ ነበርኩ፣ የቀን ደመወዝተኛ፣
ጆንያ በትከሻ፣ የዛፍ መልእክተኛ።
ትእዛዙ ግልጽ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፦
«ሠላሳ እናት ወይራ፣ ሠላሳ ከረጢት፤
ከቁንዱዶ፣ ከደንገጎ፣ ከጋራ ሙለታ፤
አንዷ ከሌላዋ መቶ ርምጃ ትራቅ፣
ዘመድ ከዘመዱ ዘሩ እንዳይደባለቅ።»

አበሌን ተቀበልኩ፤ ፈረምኩና ወጣሁ።
አወዳይ ላይ ወረድኩ፤
አወዳይ ላይ ቀረሁ።
ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ጨዋታው ይጥማል፣
ቁንዱዶ ሩቅ ነው፣ ዳገቱ ያደክማል።

ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ማለዳ
ከሐኪም ጋራ ሥር፣ ከመቃብሩ ሜዳ፣
አንዲት ወይራ አገኘሁ፣
ዝቅ ያለች፣ እጅ የምትደርስ፣ መሰላል የማትሻ፣
ፍሬዋ የጠቆረ እስከ ቅርንጫፏ መጨረሻ።
ጎረቤት አልነበራት። እህቶቿ በሙሉ
ከሰል ሆነው፣ ታስረው፣ ሸዋ በር ገበያ ዋሉ።
ነፋስ በመጣ ቁጥር የራሷን ብናኝ ይዞ
ለራሷ ይመልሳል፤
ራሷ ሙሽራ፣ ራሷ ሚዜ፣ ራሷ አጃቢ።

ለቀምኩ።
ሠላሳ ከረጢት ከአንዲት እናት ሞላሁ፤
በሠላሳ ካርቶን ሠላሳ ስም ጻፍኩ፦
ቁንዱዶ፣ ቁጥር አንድ። ደንገጎ፣ ቁጥር ሰባት።
ጋራ ሙለታ፣ አሥራ ሁለት፣ ከገደሉ አናት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጽሕፈቴ እንዲያውም አማረ፤
መስመሩን ሳይለቅ፣ ቀጥ ብሎ ተሰደረ።

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ዘይቱና አለች፤
ስሟ በአረብኛ ወይራ ማለት ነው፤ ስትነግረኝ ሳቀች።
ፍሬውን አጥባ፣ ሥጋውን ገፍፋ፣
አጥንቱን በጉጠት ቀስ አድርጋ ትሰብራለች፤
«ውስጡ ያለው ሕፃን እንዳይነካ» ትላለች።
በአርባኛው ቀን በቀለ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት።
አለቃው ደስ አለው፦ «ይሄ ነው ጥራት!
እንደ ፖሊስ ሰልፍ! አንድ ቁመት!»
ጎብኚ መጣ፤ ፎቶ ተነሣ፤ እኔም ዳር ይዤ ቆምኩ፣
ምስጋናውን እንደ ወደቀ ብር፣ ዙሪያዬን አይቼ፣ ኪሴ ከተትኩ።

ዘይቱና ግን በየሐሙሱ ትለካለች፤ ትጽፋለች።
አራት ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።
ውሃ አልጎደለም፣ ፍግ አልጎደለም፤ ቆሙ።
በኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ፤
ያ ቅጠል ሲጠወልግ ይሄም አብሮት ሄደ፤
አንድ ደካማ ጎን የሁሉም ነበረ፣
አንዱን የሰበረ ሁሉን የሰበረ።

ደብተሯን ይዛ መጣች። አልጮኸችም።
ዓምዱን በጣቷ ወረደች፦
«ከቁንዱዶ ጫፍ እስከ ደንገጎ ገደል
አንድ ዓይነት ሕመም! በአንድ ማዕድ ያደገ ሰው እንኳ
እንዲህ አይመሳሰል።
ንገረኝ፤ እናታቸው ስንት ናት?»
«አንዲት» አልኳት።
የጥላው መረብ ከላያችን ተርገበገበ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ በሠላሳው ስም ላይ፣
አንድ መስመር ሰረዘች።
አልከሰሰችኝም። የከበደኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ በራሴ ገንዘብ ቁንዱዶ ወጣሁ።
ጉልበቴ ይመስክር። የዱር ፈረሶቹ ቆመው አዩኝ።
አንዷ ወይራ ገደል ላይ፣ ሥሯ ድንጋይ ነክሶ፣
አንዷ መብረቅ የከፈላት፣ ግማሿ ታድሶ፣
አንዷ ጠማማ፣ ፍሬዋ እፍኝ የማይሞላ፣
አንዷ መራራ፣ ወፍ እንኳ የማይበላ።
በሠላሳ ካርቶን ሠላሳ እውነት ጻፍኩ፤
ጽሕፈቴ አላማረም።

አሁን መደቡን ብታዩት ያሳፍራል፦
አንዱ ክንድ ሊሞላ፣ አንዱ ገና ያጎነብሳል፣
አንዱ በሃያ ቀን ወጣ፣ አንዱ በሰባ፣
አንዱ ላይ ላዩን ትቶ ሥሩን ወደ ታች አስገባ።
አለቃው «ይሄ ምን ዝብርቅርቅ ነው?» ይላል።
ዘይቱና አትመልስም፤ ማስመሪያዋ ይመልሳል።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ግን እስካሁን አልበቀለም።
ዘጠና ቀን ሆነው። አፈሩ አልተሰነጠቀም።
ትናንት «እንጣለው?» አልኳት፣ ላስቲኩን አንሥቼ።
ከእጄ ወሰደችው፣
ውሃ አጠጣችው፣ ወደ ጥላው መለሰችው፣
«ድርቅ በየትኛው ዓመት እንደሚመጣ
አንተ ታውቃለህ?» አለችኝ።