ሳሙናና ወርቅ

ሌስተር፣ ቤልግሬቭ መንገድ፣ ከሳሪው ሱቅ ኋላ፣
ከደረጃው በታች፣ በአንዲት ጠባብ ጥላ፣
ወንበሬ፣ ወረንጦዬ፣ መብራቴና እኔ፤
ሰው የሰበረውን የምጠግን በዓይኔ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
አንዲት ልጅ ገባች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ።
«ስምሽ ማን ልበል?» ብላት «ጂግና» አለችኝ፤
ፈገግ ስል፣ ግራ ገብቷት፣ ትክ ብላ አየችኝ።
በኔ ቋንቋ ይህ ስም ምን እንደሆነ
ልነግራት ነበረ፣ ግን ቃሌ ባከነ፤
መሐረቧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ
አኖረችልኛ የተሰበረች ፀሐይ።

ቲካ ነው የሚሉት። ፀጉር ተከፍሎ ለሁለት
በመሃል መንገዱ ሲወርድ ሰንሰለት፣
ቅንድብና ቅንድብ ሊገናኙ ሲሉ
ግንባር ላይ ያርፋል፣ ቀይ ድንጋይ መሃሉ።
መንጠቆው ወልቋል። ከሰባቱ ዕንቁ አንዷ የለችም።
«ለሐሙስ» አለችኝ፤ ሌላ ቀን የላትም።

የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ሞጣ ላይ
ሰም ቀርጾ፣ ጭቃ አልብሶ፣ ከወናፉ በላይ
ጎንበስ ብሎ ኖረ። ቀን በቀለበቱ
ልጁን ድሮ ሲያበቃ፣ ሲመሽ ጎረቤቱ
«ቡዳ ነው» ይለዋል፣ ዓይኑን እየፈራ፤
ወርቁን ግን አይፈራም፣ ጣቱ ላይ ሲያበራ።
ሰም ሲቀልጥ፣ በቦታው ወርቅ ይፈስበታል፤
ቅኔ ቤት የሚሉት እኛ ቤት ይሸታል።

ሌሊት በማጉያዬ፣ ቲካውን ገልብጬ፣
ጀርባውን ስመረምር ትንፋሼን ውጬ፣
ከድንጋዩ ማቀፊያ፣ ከስንጥቁ ውስጥ፣
ነጭ ነገር አየሁ። ኖራ ነው? ወይስ ሊጥ?
በመርፌ ነካሁት። በምራቅ አራስኩት።
አረፋ ሠራ። አፍንጫዬን አስጠጋሁት።
ሳሙና።

ሐሙስ ዕለት ጂግና ከአያቷ ጋር መጣች፤
ካሺቤን ይሏታል፤ ወንበሬን ወረሰች።
ነጭ ሳሪ፣ ባዶ ግንባር። ባሏ የሞተባት ሴት
ቲካ አታደርግም አሉ፤ የጥንት ነው ሥርዓት።
ነጩን ነገር ሳሳያት ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቀች።
«ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ላይ፣ ሱቅ ነበረን» አለች፤
(ልጅቷ ቃል በቃል እየተረጎመች)
«ዘጠና ቀን ሰጡን፤ ሻንጣ አንድ ለአንድ ሰው፤
ኬላው ላይ ወታደር አንገት የሚዳስሰው
ወርቅ ለመልቀም ነው። እኔ ምን አደረግኩ?
የልብስ ሳሙና ሰንጥቄ ፈለፈልኩ፤
ቲካዬን ቀበርኩት፣ ገጠምኩት፤ ከዚያማ
ሦስት ቀን አጠብኩበት፣ ስንጥቁ እስኪስማማ።
ወታደሩ አነሳው። አሸተተው። ጣለው።
‹ታጠቢ› አለኝና ሳቀ። አሳለፈው።

እንግሊዝ ስንገባ ጦር ሰፈር ነው ያሳደሩን፤
ባሌ አያውቅም ነበር፤ ደበቅኩት ነገሩን።
ይታጠብበታል ጠዋት ጠዋት ፊቱን፤
ዝም አልኩት። ይሟሟ፣ ቀስ በቀስ፣ ክረምቱን።
አንድ ቀን ‹ወይኔ!› አለ። ጉንጩ ተቧጭሯል።
ደም መስሎኝ ሮጥኩኝ፤ ቀይ ድንጋይ ብቅ ብሏል።»

አባቴን አሰብኩት። ይህን ቢሰማ ኖሮ፣
«እኔ ሰም ነው የማውቅ» ይል ነበር አቀርቅሮ።

ጂግና «ይታጠብ» አለች፤ «ያብረቅርቅ፣ ሠርጌ ነው።»
አያቷ ዝም አለች፤ ዓይኗ ግን እኔን ነው።
ፊቱን ወለወልኩት፣ እሳት እስኪመስል፤
መንጠቆ አበጀሁ፤ ለጎደለው ክፍል
አዲስ ዕንቁ ሰካሁ። ከእህቶቿ ጋር
ገና አልተላመደችም፤ ታስታውቅ ነበር።
ጀርባውን አልነካሁም።

ለሠርጉም ጠሩኝ። አዳራሹ ድሮ የካልሲ ፋብሪካ፤
ሙሽራው በፈረስ፣ ዝናብ እየነካካ፣
ከአውቶቡስ ኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፤
ጂግና ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ይነሳል።
በኔ ቋንቋ ግንባር ከቅንድብ በላይ ያለው፣
ጦር የሚገጥምበት፣ ዕድልም እርሱ ነው።
ጀግና ግንባር ላይ ናት!
ማን ይፍታልኝ ይህን? ከጎኔ ያለው ሰው
ሳህኑን ይዞ፣ ምስር ነው የሚጎርሰው።

ጭፈራው ሲግል ላብ በግንባሯ ወረደ፤
ከወርቁ ጀርባ፣ ማንም ከማያየው፣ አንድ ነገር ራደ፤
ሃምሳ ዓመት የደረቀው፣ አረፋ ያህል፣
ቆዳዋን ነክቶ ይሆናል።

ካሺቤን ከሩቅ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ፣
ጉንጯን ዳሰሰች፣ በቀኝ በኩል፣ ጣቷን አንስታ፤
ባሏ ተቧጭሮ በነበረበት ቦታ።