በሺህ የተከፈለ ሰከንድ

ያይጼ ላይ ፏፏቴው ከከተማው መሐል ነው፣
ከፋርማሲያችን በር ጩኸቱ የሚሰማው።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ባጠገቡ ኖርኩ፤
አንድ ቀን እንኳ ቆሜ በወጉ አልመረመርኩ፣
ካሜራ እስክገዛ፣ አሮጌ፣ ያገለገለ፣
ጥቁሩ ቀለሙ ከጠርዙ የጎደለ።

የመጀመሪያው ፎቶ ነጭ ሆኖ ወጣ፤
ሁለተኛው ጨለማ፤ በሦስተኛው ጣቴ መጣ።
ሙሐረም ሰዓት ሠሪው፣ ከተዘጋ ሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣
ታዘበኝ፤ ሳቀብኝ፤ ጠራኝም አዝኖ።

«ነይ እስቲ ኔቭዜታ፤ ይሄም ሰዓት እኮ ነው፤
እኔ የምቆጥረውን አንቺ የምትይዥው።
ሦስት ነገር ብቻ፦ ቀዳዳው፣ ብርሃን የሚገባበት፤
መዝጊያው፣ ያ ብርሃን የሚቆይበት፤
ሦስተኛው ደግሞ የካሜራው ንቃት፤
አብዝተሽ ካነቃሽው፣ እንቅልፍ እንዳጣ ዓይን፣
አሸዋ ያያል ሌሊት።
አንዱን ከነካሽው ሁለቱ ያኮርፋሉ፣
እንደ ሦስት ምራት ባንድ ጓዳ ይባላሉ።»

በማግሥቱ ጠዋት ወረድኩ ከግርጌው፣
ሰከንድ ለሺህ ቆርሼ ቁራሹን ሰጠሁት ለውሃው።
ደነገጠ ውሃው። እንደ ወደቀ ጠርሙስ
ስባሪው ባየር ላይ ቀረ፣ መሬት ሳይደርስ፤
ጠብታ ከጠብታ ተለይቶ ቆመ፣
ጩኸቱ ሳይቀር ረግቶ የታተመ።

«ደግ» አለ ሙሐረም፣ «አሁን ጊዜ ስጪው፤
ግማሽ ሰከንድ፣ ሁለት፣ እስኪበቃው ተዪው።»
ብርሃን እንዳይተርፈው ቀዳዳውን አጠበብኩ፣
ከሌንሱ ግንባር ላይ ጥቁር መስታወት ደረብኩ፣
በሦስት እግር አቆምኩት፤ ትንፋሼንም ዋጥኩ።
ውሃው ባዘቶ ሆነ፣ ጩኸት የማያውቅ፣
ከገደሉ አፋፍ የሚፈተል፣ የማያልቅ።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ባይ
ይምጣና እፍኝ ሙሉ ባዘቶዬን ይይ።

እሑድ ደግሞ ወጣሁ፣ የእንጨት ወፍጮዎቹ ጋ፣
ውሃ ከሥራቸው ሲሾልክ፣ ገና ሲነጋጋ፤
ጎጆዎቹ ጥርት ብለው፣ ከእግራቸው ሥር ወተት፤
ስድስት ጊዜ ተሳስቼ፣ ሰባተኛው ሰመረ በድንገት።

ከዚያ ወዲያ ሱስ ሆነ። የፋርማሲው ወረፋ፣
ሴናዳ ቃሪያ ስትመዝን ከሚዛኑ ጋር ስትጋፋ፣
ብስክሌቱን እንደ ፍየል የሚጎትት ፖስተኛ፣
አውቶቡስ መስኮት ላይ ጉንጩ የተጣበቀ እንቅልፈኛ።
አብዛኛው ተበላሸ፤ አንገት የሌለው ሙሽራ፣
ደብዝዞ የጠፋ ውሻ፣ ጥርት ያለ ጭራ።

አንድ ምሽት ከድልድዩ ጎን ሠላሳ ሰከንድ ከፈትኩ።
ሰው ሞልቶ ነበር፣ እምላለሁ፤ ሲያልፉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ።
ከፎቶው ላይ ግን ማንም የለም። የሄደ ሁሉ ጠፋ፤
መንገዱ ብቻውን ቀርቶ ባዶነቱ ሰፋ።
ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤
ሙሐረም፣ ፊቱ እንደ ሐውልት የከበረ፣
ከእጆቹ በቀር።

እጆቹ ጉም ነበሩ።

መድኃኒቱን በየወሩ የማቀብለው እኔ፣
ካርቶኑን አነብ ነበር እንጂ እጁን አላየሁ ባይኔ።
ሱቁ ለምን እንደ ተዘጋ ያን ምሽት ገባኝ።
ፎቶውን አላሳየሁትም።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ሳለ፣ መዝጊያውን ወደ ሺህ መለስኩ።
«ምን ልታነሺ?» አለኝ። «ውሃ» ብዬ ቀጠፍኩ።
ጉልበቱ ላይ ያረፉትን፣
የማያርፉትን እጆች አነሳሁ።

ከትንሿ ስክሪን ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤
ጣቶቹ ቀጥ ብለው፣ ጥፍሩ ሥር የዘይቱ ጥቁረት እየታየ፣
የግድግዳ ሰዓት ሞላ የቀደደው ጠባሳም ጭምር።
«የማን ናቸው?» አለ መጀመሪያ።
ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ስንት ሰከንድ ነው?»
«አንድ ሺህኛ።»
«ያጥራል» አለ። «ግን ብሎን ለማሰር ይበቃኝ ነበር።»

ካሜራውን ሲመልስልኝ ማሰሪያው ተንቀጠቀጠ።
«ደግሞ» አለ፣ «ቀዳዳውን ትንሽ ብታሰፊው
ከኋላ ያለው ይደበዝዝልሽ ነበር።»

ከኋላ ያለው ፏፏቴው ነው፤
ጠብታው ሁሉ አየር ላይ፣
ሳይወድቅ።