ሠላሳ

ከዜሮ በታች ነው፤ ሠላሳ ነው ልኩ፣
ኡላንባታር ነግቶ፣ በከሰል ጢስ ታፍኖ አይታይም መልኩ።
የጋራዡን በር በረዶ ጋግሮታል፣
ጎምቦሱረን መጥቶ በትከሻው ይገፋል።
ሕፃን እንዳቀፈ በካፖርት ጠቅልሎ
ሞተሪኖ ይዟል፣ ከመኪናው ነቅሎ።
«ቁልፉን አዞርኩት፤ ጠቅ አለና ዝም፤
ጭነቱ ከሰል ነው፣ ዛሬ ካልደረሰ ሰው ቤት አይሞቅም።»

አለቃዬ ሶሶርባራም ከምድጃው ጥግ ሆኖ
ቀና አለ፣ ዓይኑ በሞራ ተከድኖ።
«ኡያንጋ፣ ሞርሳ ላይ እሰሪው» አለኝ፣
«ሳላስር የሞከርኩ ቀን ጥርሴን አሳጣኝ።»
(ታሪኩን በየዓመቱ ይለውጠዋል፤
አንዴ ጥርስ ነው፣ አንዴ ጣት፣ አንዴ ፍየል ገድሏል።)

አሰርኩት።
አካሉ ዝጓል፣ ዘይትና ጭቃ ለብሶ፣
የተቀረጸው ቁጥር ሁሉ ተፍቆ፣ ፈርሶ።
እንግዲህ በጣት ነው፤ ምልክት የለው፣
ቡሎን በውፍረቱ፣ ሽቦ በመንገዱ ነው የሚለየው።

«ወፍራሙ ቡሎን?»
«ይኸው።»
«እሱ ሠላሳ ነው፣ ከባትሪ የሚመጣው፤
ቁልፍ ዞረ አልዞረ እሳት ያድርበታል፣
ቀለበት ያለው እጅ እንዳይነካው።»
ሠላሳ በውጪ፣ ሠላሳ በውስጥ፤
አንዱ ደም ሲያረጋ፣ አንዱ ብረት ሲያቀልጥ።

«ጠፍጣፋዋ ምላስ?»
«አለች፣ ጎኑ ላይ ወጥታ።»
«ሃምሳ ናት እሷ። ከቁልፉ ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ለአንድ አፍታ።»

ሦስተኛውም ቡሎን ነው፣ ለዓይን የሠላሳው መንታ ወንድሙ፤
ግን ሹሩባ የመሰለ መዳብ ከሥሩ ወጥቶ ወደ ሆድ ይገባል፤
እዚያ ነው ካርቦኑ፣ እዚያ ነው ደሙ።

«ሠላሳ አንድስ?» አልኩ፣ ቆጠራው ጎድሎብኝ።
የሞተሪኖውን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አሳየኝ፤
«እሱ ቡሎን የለውም። አካሉ ራሱ ነው፣ ማሳው፤
የወጣው ሁሉ የሚመለስበት፣ ማንም ስሙን የማያነሳው።»

ጥቁሩ ኬብል ባዶውን ብረት ነከሰ፣
ቀዩ ሠላሳን ያዘ፤ ካቻቪቴዬ ከእሱ ተሻግሮ ሃምሳን ዳሰሰ፤
ጠቅ።
አንዲት ብልጭታ። ፒኞኑ አንገቱን አውጥቶ ቆመ፣
ቃል እንደጠፋው እንግዳ ደፍ ላይ ተገትሮ፣ ደከመ።

ጎምቦሱረን ጓንቱን ነክሶ «ሞቷል?» አለ።
«ሬሳ ጠቅ አይልም።» ሽማግሌው ጆሮውን ወደ ሞርሳው አዘነበለ።
«ቀዩን አንሺና ሦስተኛው ላይ። ሶሌኖይዱን ዝለይው፤
ሆዱን ራሱን ጠይቂው።»

ጠየቅሁት።
ጮኸ! ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣
የአለቃዬ የጨው ሻይ ከነብርጭቆው ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ።
ፒኞኑ ግን ከጎጆው አልወጣም። ገባኝ፤
ሆዱ ደኅና ነው፣ ድልድዩ ነው ያሳሳተኝ፤
ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው፣ ሳንቲም መሳይ ክብ፤
ፈታሁት፣ አንድ ፊቱ ጠቁሮ፣ ተቦርቡሮ፣
ብል የበላው ሱፍ እንጂ አይመስልም መዳብ።

«አዲስ የለንም» አልኩ።
«ገልብጪዋ።»
ገለበጥኩት። ሌላው ፊቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራ ነበር፤
ሃያ ዓመት ጀርባውን ሰጥቶ፣ ተራውን ሳይጠይቅ ሲኖር።

ገጥሜ ካቻቪቴውን ሃምሳ ላይ ነካ ሳደርጋት
ፒኞኑ ዘሎ ወጣ፣ ዞረ፣ አፏጨ፤
ጎምቦሱረን ኮፍያውን አወለቀ፣ ሳያስበው፣ ድንገት።

ከፈለ፤ ከገንዘቡ በላይ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አራገፈ።
እኔ ግን ምስማር አነሣሁ፣ ለሚቀጥለው ሰው
ቁጥሮቹን ልጭርበት፣ ከእጄ ሳያልፍ።
ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። ሃምሳ ብዬ።
ለሦስተኛው የሰማሁት ስም የለኝም፤ ሹሩባ ሣልኩለት።
ሶሶርባራም ጭረቱን በጣቱ ጫፍ አነበበው፣
ቆየ፤
«ሠላሳሽ ጠማማ ነው» አለኝ።

ውጪም ገና ሠላሳ ነው።