ተራ

ኪሴ ቢፈተሽ ሳንቲም የለው፣
በብጣሽ ወረቀት የታጨቀ ነው፤
ከዳቦ ቤት፣ ከፋርማሲ፣ ከፖስታ ቤት ደጃፍ፣
ቁጥር ከሚተፋው ከዚያ ከብረት አፍ
ተራዬን ቆርጬ፣
ጥግ ላይ ተቀምጬ፣
ሊደርሰኝ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀረኝ
የማይታይ እጅ ስንቴ አስወጣኝ።
አርባ አንድ፣ ሰማንያ ስምንት፣ መቶ ሦስት፤
ሁሉም ተጠርተዋል፣ ማንም ሳይል «አቤት»።

ቱርኩ ላይ ኅዳር ነው። የአውራ ወንዝ ጠቁሯል፣
ሰማዩ በበረዶና በዝናብ መሐል ያመነታል።
እዚህ ሰው ሲቀመጥ ወንበር ዘሎ ነው፣
አውቶቡስ ሲጠብቅ ክንድ ተራርቆ ነው፤
በዝምተኛ አገር ዝም ያለን ማን ያየዋል?
በጭጋግ መካከል ጭስን ማን ይለየዋል?
«ኦይቫ ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ተመሰከረ፣
ፍርሃቴ የጨዋ ካባ ለብሶ ከበረ።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤
ቀድሞ የገባው ዝንብ ግን በየት ይወጣል?

ጆሮ ለደከማቸው መስሚያ እጠግናለሁ፣
እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በመቆንጠጫ እይዛለሁ፤
እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ማንም እስካላየኝ።
በቱሊ ልደት ዕለት ግን ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ፤
ሹካው ሳህኑ ላይ እንደ በረደው ጥርስ ሲንገጫገጭብኝ
መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣
ቆሜ ጨረስኩት፣ ግንባሬን ከግድግዳው ደግፌ።
ሌሊት ደግሞ «መልካም ልደት» ያልኩበትን
ሰባቴ መረመርኩ፤ ፍጥነቱን፣ ቃናውን፣ መቅጠኑን።

እርዳታ የሚሻ ይደውል ይላል ማስታወቂያው፤
መደወል የቻለ ሰው እርዳታው ለምኑ ነው?
ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ቁጥር ቆረጥኩ፣
በጀርባዋ ላይ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦
«ሰው ፊት እፈራለሁ»።
በመስታወቱ ሥር ገፋሁት፤ እግሬን ለሩጫ አዘጋጅቻለሁ።
ነርሷ አነበበች። አልሳቀች፣ «አይዞህ»ም አላለች፤
«ይኼን ቁጥር አትጣለው» ብላ ቀጠሮ ጻፈች።

ራውኒ ትባላለች። ቢሮዋ ውስጥ በሱፍ ካልሲ ነው የምትሄደው።
«ስም አለው» አለችኝ። «ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል።
ጠባይ አይደለም፤ ሕመም ነው። ይታከማል።»
እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ
ስሙ ኦይቫ መስሎኝ ነበር።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ «ዳቦ ቤት ገብተህ
ሳንቲም በትን፣ እያወቅህ፣ ሆን ብለህ፤
ስንት ዓይን እንዳየህ ቆጥረህ ተመለስ።»
«ሁሉም ነዋ!» አልኳት፣ ላቤ ገና ከአሁኑ ሲፈስ።
ሰኞ ሄድኩ፤ ከበሩ ተመለስኩ። ሐሙስም እንዲሁ።
«የሸሸህበትንም ጻፈው» አለች፤ እሱንም ጻፍሁ።
በሦስተኛው ሳምንት በተንኩት። ደወል የወደቀ መሰለኝ።
ሁለት ሰው ዞረ። አንዱ ሕፃን ነው፣ ሳንቲም አቀበለኝ፤
ሌላዋ ሳንቲሙን አየች እንጂ እኔን አይደለም።
ትንሽ ቅር አለኝ፤ ለካ የዓለም እምብርት አይደለሁም።

ዛሬ ስልሳ ሰባት ነኝ። ስልሳ ሰባት ተጠራ።
ጉሮሮዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ እያለ፣
«አቤት» አልኩ። «ጥቁር ዳቦ።»
ያጠናሁት ይኼን ብቻ ነበር።
«ይቆረጥ ወይስ እንዲሁ?» አለች ሴትዮዋ።
ይኼ ልምምዱ ውስጥ አልነበረም።
ልቤ ደረቴን በክርኑ ጎሰመ፣ ጆሮዬ ጋለ፤
«እንዲሁ» አልኩ፣ ድምፄ መሐሉ ላይ ተሰብሮ።
ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ አፍንጫውን ጠርጎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ።
ሌላ ምንም አልሆነም።
ተራ ሰው፣ ተራ ዳቦ ይዞ፣ በተራው።

ነገ ምናልባት እፈራለሁ። ራውኒም ይኼን አልደበቀችኝም።
ግን ሴትዮዋ ወረቀቴን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፤
ኪሴ በአንድ ቁጥር ቀለለ።