ከመቶ ዘጠኝ

በባናት ሜዳ ላይ መስከረም ሲጠባ፣
አንገቱን ደፍቷል የሱፉ አበባ፤
በጋውን የከረመው ፀሐይ ሲከተል፣
ፊቱን ሲያዟዙር፣ ሲሰግድ፣ ሲቃጠል፤
ዛሬ ግን ተወቅቶ፣ ዘሩ ተፈልፍሎ፣
ብርሃን ሊያየው መጣ በተራው ተከትሎ።

የእኔ ሥራ መውጋት ነው፣ በረጅም ብረት፣
የጭነቱን ሆድ ዕቃ፣ ከላይ እስከ መሬት፤
አምስት ቦታ ወግቼ፣ አንድ ጣሳ ሞልቼ፣
ለራዶይካ እሰጣለሁ፣ ደረጃውን ወጥቼ።

ዢቫን ከትራክተሩ ቀስ ብሎ ወረደ፣
አንድ ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ፈረደ፦
«ደርቋል! ስሚው እንጂ፣ ሲሰበር ይጮኻል፤
ሰባ ዓመት ያኘከ ጥርስ መቼ ዋሽቶ ያውቃል!»

ራዶይካ ዘሩን ሳጥኑ ውስጥ አፈሰሰች፣
ክዳኑን ዘግታ እጇን አጣጠፈች።
ከቀዩ ቀለም ማዶ፣ ዓይን የማይደርስበት፣
ውሃም የድርሻውን፣ ዘይትም የድርሻውን የሚውጥበት፣
የተረፈው ብርሃን ተመልሶ ወሬ የሚያወራበት።

ደቂቃ አልሞላም።
ዘይት፦ አርባ አራት።
እርጥበት፦ አሥራ አንድ።
ወሰኑ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከዋጋው ይቆረጣል።

«ይህ ቆርቆሮ» አለ ዢቫን፣ «ማሳዬን የት ያውቃል?
ያላረሰ፣ ያልዘራ፣ በምን አፉ ይፈርዳል?»

ራዶይካ አልተቆጣችም። እጅጌዋን ሰበሰበች፤
ክንዷ ላይ ያለውን የምድጃ ጠባሳ አሳየች።
«ሦስት ክረምት ሙሉ ዘር ስፈጭ፣ ሳደርቅ፣ ስመዝን፣
ዘይቱን በጠብታ ስለይ አነጋሁ ሌሊቱን።
ይህ ሳጥን ተማሪ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤
ከተሳሳተም፣ ዢቫን፣ የምጠየቀው እኔው ነኝ።»

ለእሱ ብላም ምድጃውን አሞቀች።
ሦስት ሰዓት ጠበቅን።
የትራክተሩ ሰልፍ ድልድዩ ጋ ደረሰ፤
ከኋላ ጥሩምባ፣ ስድብ፤ ኮሻቫም ነፈሰ፣
የገለባ አቧራ በየዓይናችን እያፈሰ።

የደረቀው ዘር ተመዘነ።
አሥር ነጥብ ስምንት።

ዢቫን ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፤
ደረሰኙን ፈረመ፣ የተቆረጠውን ሳያየው።
ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ለእኔ ይሁን ለነፋሱ፣
ድምፁ ወረደ፣ ተናገረ ለራሱ፦
«ማክሰኞ ሌሊት ላይ ጥቂት ዘንቦ ነበር፤
ፀሐይ ልጠብቅ ብል፣ አልጠበቀኝ ብድር።»

ማታ መብራት ሳጠፋ፣ ከጣሳው ግርጌ የቀረ
አንድ የዢቫን ፍሬ አገኘሁ።
ነከስኩት።
ጮኸ።
ደርቋል ብዬ እምል ነበር።