እስከ ቀዩ በርሜል

ሚያዝያ ነው ወሩ፣ ኩሳሞ፣ ሐይቁ ዳር፣
ግራጫው በረዶ ሊሰበር ሲማከር፣
ታርሞ ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ጠቆመ፣
መሃል ሐይቁ ላይ፣ በረዶ ነክሶት ወደ ቆመ
ቀይ በርሜል።

«ወንድ የሆነ ይሂድ፣ ነክቶት ይመለስ፤
ያልሆነ ቤት ይግባ፣ የእህቱን ቀሚስ ይልበስ።»

ሳቅን። ሳቃችንም ጉሮሮ ላይ ቀረ፤
ቬሳ ግን አልሳቀም፤ የጫማ ክሩን አሰረ፣
«አልሄድም» አለና አቀና ወደ ቤት።
«ፈሪ!» አልኩት እኔ። ፈርቼ ነው ያልኩት።

ሄድኩ።
ከእግሬ ሥር በረዶው በረጅሙ ቃተተ፣
ልቤ ዳር ላይ ቀርቶ ገላዬ ተጎተተ።
ደረስኩ። በመዳፌ ዝገቱን አምጥቼ
ለታርሞ አሳየሁት፣ እንደ ሽልማት ዘርግቼ።
ጀርባዬን በጥፊ እየመቱ አወደሱኝ።
ማንም አልሰመጠም።
ወሬው እዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

ከጥዱ ጀርባ ግን ዮውኒ ነበረ፣
የታርሞ ታናሽ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
እርምጃዬን ሁሉ በጣቱ የቆጠረ።

በማግስቱ ጠዋት
በርሜሉ አናት ላይ
ትንሽ ቢጫ ጓንት።
ደርሷል እኮ! ደርሷል።
ሌሊት የጣለው ስስ አመዳይ ላይ
ኮቴው አንድ ባንድ ይነበባል፤
ወዲያ የሄደው አለ።
ወዲህ የመጣው የለም።