ሁለት ከአርባ አራት

ከአዳራሽ ሦስት በር ላይ፣ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፤
ማጣበቂያው ደርቆ ቢያስቸግር፣ በትንፋሼ አሞቅሁ።

አንደኛ፦ መታወቂያ የሌለው፣ ደጁን አያልፍም።
ሁለተኛ፦ ስልክ የያዘ፣ «ጠፍቶ ነበር» ቢል አይሰማም።
ሦስተኛ፦ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ የዘገየ አይፈተንም።
አራተኛ፦ «ደንቡን አላየሁም» ማለት፣ ምክንያት አይሆንም።

ብርዱ ብቻ ነበር፣ ያለ መታወቂያ የገባ፤
ሳይፈተሽ፣ ሳይፈርም፣ ከፈታኝ ከተፈታኝ የተግባባ።
ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው፤
ከመስኮቱ ማዶ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው፤
እስክሪብቶ እንኳ አልጽፍ ብሎ፣ በእስትንፋስ የሚለመን ነው።

«ገልብጡ» አልሁ፤ ስልሳ ሁለት አንገት
ነፋስ እንዳገኘው ገብስ፣ አዘነበለ ወደ መሬት።
አንድ ወንበር ባዶ ነው፣ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎበት፤
ትደነቅ ላቀው ይላል ዝርዝሩ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሦስተኛ ዓመት።

ከሜዳው ድንኳን ይተከላል፤ ነገ የባህል ቀን ነው፤
ከፈተናው ጥያቄ ይልቅ፣ የካስማው መዶሻ ነው የሚሰማው።
ማይክራፎን የሚሞክር ልጅ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ
ሦስት ሳይደርስ ይቀራል፤ ቆጠራው እንደተንጠለጠለ።

በሩ ተንኳኳ።
ፀጉሯ ላይ ጉም፣ ጫማዋ ላይ የሰላ ድንጋይ አቧራ፤
ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ጣቷ እስክሪብቶ ለመያዝ ሲፈራ።
የእጄ ሰዓት፣ ሁለት ከሃምሳ ሁለት።

ሬጅስትራር ረቡዕ ጠርቷት ነበር፦ «የወጪ መጋራት ቅጽሽ
የቀበሌ ማኅተም የለውም፤ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካላመጣሽ
ከሚቀጥለው ምዝገባ ወጥተሻል፤ ኋላ እኛን እንዳትወቅሽ»።
ሄደች። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነበር፣ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት፤
ማታ ቤቱ ድረስ ተከትላ፣ በባትሪ ብርሃን አስመታችበት።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ገብስ በጫነ አይሱዙ፣ በጆንያ መካከል፣
ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከጉሙ ጋር ሲታገል።

አንደኛው ቀነ ገደብ ነው፣ ለሁለተኛው ያስረፈዳት፤
ይህን የሚያውቅ አንቀጽ፣ ከለጠፍሁት ወረቀት አጣሁላት።
ማካካሻ ፈተና ያለው፣ ከሆስፒታል ለመጣ፤
ከማኅተም ፍለጋ ለተመለሰ፣ ቅጹ ገና አልወጣ።

እሷ አልለመነችም። ቀና ብላ፣ ግድግዳውን አየች፤
«መምህር፣ ሰዓቱ ሁለት ከአርባ አራት ይላል» አለች።
ዞርሁ። ከሰሌዳው በላይ፣ የአዳራሹ ሰዓት፣
ባትሪው በብርድ ደክሞ፣
የሰከንዱ ዘንግ እዚያው ይረግጥ ነበር፣ ሳይራመድ አንዲት።
ስልሳ ሁለት አንገት ቀና አለ፤ ስልሳ ሁለቱም ሰሙ፤
አንዱም «ልክ አይደለም» አላለ፤ በአንድ ስህተት ተስማሙ።

ደንቡ «አሥራ አምስት ደቂቃ» ይላል፤ በማን ሰዓት፣ አይልም።
«ግቢ» አልሁ። «ጭማሪ ግን የለም»። አመስግናኝ ይሆን? አላውቅም።
አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ስሟን ብቻ ስትጽፍ አየሁ፤
ጓንቴን ጠረጴዛዋ ላይ ጣልሁ፤
ስለ ጓንት የሚል ተራ ቁጥር እንደሌለ፣ አስቀድሜ አጣራሁ።

ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ። ድንኳኑም ተነሥቷል፤
ካስማው ከነበረበት ሣር ላይ፣ ጉድጓዱ ቀርቷል።
ዛሬ ለእኔ ወረቀት መጣ፤ ያው ሬጅስትራር፣ ያው ማኅተም፦
«ውጤት እስከ ትላንት ያላስገባ መምህር፣ ምክንያቱ ተቀባይነት የለውም»።

ስልሳ ሦስት የመልስ ወረቀት፤ ስልሳ ሁለቱን አርሜአለሁ፤
የእሷን ግን ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።
የመጨረሻው ጥያቄ ላይ፣ እስከ እኩል ምልክቱ ደርሳለች፤
ሁለት ትናንሽ መስመር ሠርታ፣ ቀሪውን ነጭ ትታለች።
«ጊዜ አልቋል» ብዬ የነጠቅኋት፣ እኔው ነበርሁ።

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ከመስመሮቹ ጎን ቆምሁ።
የቢሮዬ ሰዓት ይሠራል።
ባትሪውን ባለፈው ሰኞ፣ በገዛ እጄ ቀየርሁ።